ፒችትሪን ይዞ ወደ ሊኑክስ መግባት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ። ሥራው ምንድነው

ቦታው ሶማሌ ተራ ነው። የመኪና መለዋወጫ መደብር፣ ከፎቅ ላይ ትንሽ ቢሮ። ቢሮው ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ዊንዶውስን ወደሚተካው ነፃ ሥርዓት፣ ሊኑክስ ሚንት፣ ገብተዋል፣ አንዱ ሲቀር። የቀረው የእትዬ ማሽን ነው። የሂሳብ ሠራተኛዋን እዚያ ቤት ሁሉም "እትዬ" ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው። ማሽናቸው ላይ ዊንዶውስ 7 አለ። በእሱ ላይ ፒችትሪ 2010 የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር። የመደብሩ ሂሳብ በሙሉ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል።

ሌሎቹ ማሽኖች ለምን ተቀየሩ ላላችሁ፦ የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አራተኛ ትውልድ ኢንቴል ያለውን ማሽን አልቀበልም ይላል። ደህና የሚሠራ ማሽን ጥሎ አዲስ መግዛት በዛሬ ዋጋ የሚታሰብ አይደለም። ከዚያ በላይ ግን ባለቤቱን ያማረራቸው ፍላሽ ነው። አንድ ፍላሽ ከማተሚያ ቤት ደርሶ ሲመለስ ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኖ ይመጣል። ከዚያ ቢሮው በሙሉ ይታመማል። ሚንት ከገባ ወዲህ ያ ጣጣ ቀርቷል። ቫይረሱ ፍላሹ ላይ ይመጣል፣ ግን እዚህ የሚነሳበት የለውም።

"ፒችትሪን ትታችሁ ለሊኑክስ የተሠራ የሂሳብ ሶፍትዌር አትጠቀሙም?" የሚለኝ አይጠፋም። ግኑካሽ አለ፣ ኦዱ አለ፣ አውቃለሁ። ግን አገራችን ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ቅጥር ማስታወቂያ አንብባችሁ ታውቃላችሁ? "የፒችትሪ ችሎታ ያለው/ያላት" ይላል። ኦዲተሩ የሚያውቀው እሱን ነው። ኮሌጁ የሚያስተምረው እሱን ነው። ሶፍትዌሩ አሜሪካ፣ አትላንታ ውስጥ ነው የተወለደው፤ ስሙም የዚያው ከተማ ዋና ጎዳና ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 አይቢኤም የመጀመሪያውን ፒሲ ገበያ ላይ ሲያወጣ አብረው ከወጡት ፕሮግራሞች አንዱ የፒችትሪ ሂሳብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ሴጅ የሚባል ኩባንያ ገዛው፣ በ2012 ስሙን ሴጅ 50 አለው። እኛ ዘንድ ግን ዛሬም ፒችትሪ ነው።

ስለዚህ ፒችትሪ ይቆያል፣ ማሽኑ ግን ሊኑክስ ይሆናል። ሰኔ ገብቷል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። እትዬ የነገሩኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ "አንተ ልጅ፣ መዝጊያዬን እንዳትነካብኝ።"

ማክሰኞ። ከሁሉ በፊት ባካፕ

ፒችትሪ ባካፕ ሲያደርግ መጨረሻው "ፒቲቢ" የሆነ አንድ ፋይል ያወጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ይህ ፋይል ዚፕ ነው። ቅጂውን ወስዳችሁ የስሙን መጨረሻ ወደ ዚፕ ቀይሩት፣ ሊኑክስ ላይ ያለምንም ፕሮግራም ይከፈታል።

ከፍቼ አየሁት። ውስጡ መጨረሻቸው "ዳት" የሆኑ ፋይሎች ተደርድረዋል። "ቻርት" የሚለው የሂሳብ መደቦች ዝርዝር ነው። "ከስተመር" ደንበኞች፣ "ቬንደር" አቅራቢዎች፣ "ላይን አይተም" የመደብሩ ዕቃዎች። ዋናው ሥጋ ያለው "ጆርናል ሄደር" እና "ጆርናል ሮው" በሚሉት ሁለቱ ውስጥ ነው። የእያንዳንዱ ግብይት ቀን፣ ቁጥርና ስም አንደኛው ውስጥ ይገባል። ዴቢትና ክሬዲት መስመሮቹ ሁለተኛው ውስጥ። ሁለቱ ካልተናበቡ ሂሳቡ አለቀለት ማለት ነው። ከጎናቸው መጨረሻቸው "ዲዲኤፍ" የሆኑ ጥቂት ትናንሽ ፋይሎች አሉ፤ የሰንጠረዦቹን አሠራር የሚገልጹ ናቸው።

ይህን ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም። እነዚህን ፋይሎች ፒችትሪ ራሱ በቀጥታ አይከፍታቸውም። ፐርቫሲቭ የሚባል የዳታቤዝ ሞተር ከጀርባ ሆኖ ነው የሚከፍትለት። የፐርቫሲቭ ሥር ብትሪቭ ነው፣ የ1980ዎቹ ቴክኖሎጂ። እትዬ የሚያዩት መስኮት ፒችትሪ ነው። ዳታውን የያዘው ግን ያኛው ነው። ይህ ሥራ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

ፒቲቢውን ሁለት ቦታ አስቀመጥኩ። ከዚያ ትራያል ባላንስ (የሁሉም ሂሳቦች ዴቢትና ክሬዲት ማመዛዘኛ)፣ የደንበኞች ዕዳ ዝርዝር እና የዕቃ ዋጋ ሪፖርት አሳተምኩ። እነዚህ ወረቀቶች መፈተኛዬ ናቸው። አዲሱ ቤት ገብቶ ያው ሪፖርት ሲወጣ እስከ ሳንቲሟ መግጠም አለበት።

ረቡዕ። ዋይን

የሁሉም ሰው የመጀመሪያ ሐሳብ ዋይን ነው። የእኔም። የእትዬን ማሽን ሳልነካ በራሴ ላፕቶፕ ላይ ሞከርኩ።

ለማያውቅ፦ ዋይን እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ፣ የመጀመሪያ ሙሉ እትሙ በ2008 የወጣ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስን አይጭንም፣ ኮምፒውተርም አይመስልም። አስተርጓሚ ነው። ፕሮግራሙ "ዊንዶውስ ሆይ፣ ይህን ፋይል ክፈትልኝ" ሲል ዋይን ይሰማና ለሊኑክስ በሊኑክስ ቋንቋ ይነግረዋል። ስለዚህ ፈጣን ነው፣ ቦታም አይፈጅም። ያልተተረጎመ ጥያቄ ሲመጣ ግን ዝም ይላል።

ፒችትሪ 2010 ባለ 32 ቢት ነው። መጀመሪያ ሊኑክሱ ላይ የ32 ቢት ጥቅሎችን መፍቀድ ያስፈልጋል። ከዚያ ለፒችትሪ ብቻ የተለየ የዋይን ፎልደር ከፈትኩ። ይህን ሁሌም አድርጉ። አንዱ ፕሮግራም የሚፈልገው ነገር ሌላውን ያበላሻል፣ ፎልደሩ ለብቻው ከሆነ ግን ጠቅልላችሁ ጥላችሁ እንደገና መጀመር ነው። ዋይንትሪክስ በሚባለው መሣሪያ ዶትኔት፣ የማይክሮሶፍት ፊደላትና የዳታ ማገናኛ ክፍሎቹን ጫንኩ። ዶትኔት ሲጫን ረጅም ነው። ቡና አፍልቶ ጠጥቶ መመለስ ይቻላል።

ሲዲውን አስገባሁ። መጫኛው ተነሳ። ደስ አለኝ። መለያ ቁጥሩን ተቀበለ፣ ፋይሎቹን ገለበጠ፣ ፐርቫሲቭን ጫነ፣ "ተጠናቅቋል" አለ። አዶውን ስጫን የፒችትሪ አርማ ብቅ አለ። ትንሽ ቆየና ዳታቤዙን ማግኘት አልቻልኩም የሚል መልእክት አውጥቶ ተዘጋ።

ማታውን ከተርሚናሉ ጋር ተፋጥጬ አመሸሁ። ዋይን የሚያወጣው መዝገብ ውስጥ "ፊክስሚ" የሚሉ መስመሮች እንደ ጉድ ይወርዳሉ። አብዛኞቹ ምንም አይደሉም፣ አትደንግጡ። የሚፈለገው "ኤረር" የሚለው ነው። እዚያ ላይ እንደታየኝ የፐርቫሲቭ ሞተር ይነሳል፣ ፒችትሪም ይነሳል፣ ሁለቱ ግን አይገናኙም። ሞተሩን ቀድሜ በእጄ አስነሳሁት። ያው ነው። የዋይኑን እትም ቀየርኩ። አሁን ጭራሽ አርማውም ቀረ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ፣ አቆምኩም። አንድ ቀን በዋይን ላይ ፒችትሪ ይነሳ ይሆናል። ግን ቢነሳስ? ሪፖርቶቹ በሌላ ክፍል ይወጣሉ፣ የመግቢያ ገጹ ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ይጠቀማል፣ ማተሚያው ሌላ ጣጣ ነው። ነገ ዋይን ሲታደስ አንዱ ቢሰበር እትዬ በመዝጊያ ሰሞን ለማን ይጮኻሉ? ለጨዋታ ቢሆን እታገለው ነበር። የሰው ሂሳብ ላይ ግን "እየሠራ ይመስላል" የሚባል ነገር አይገባም።

ዋይንን እንዳላማው ደግሞ፣ መደብሩ ውስጥ አንድ ልጅ ድሮ በቪዥዋል ቤዚክ የጻፈው የዋጋ መለጠፊያ ማተሚያ ፕሮግራም አለ። እሱን ዋይን ላይ ጫንኩት። ሳያስል ሳያነጥስ ሠራ። ለብቻው የሚኖር፣ ከጀርባው ሞተር የሌለው ትንሽ ፕሮግራም ካላችሁ ቅድሚያ ለዋይን ስጡት።

ሐሙስ። ዊንዶውሱን እንዳለ ማንሳት

ሁለተኛው መንገድ ቨርቹዋል ማሽን ነው። ሊኑክስ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንዳለ አድርጎ፣ ዊንዶውሱን እዚያ ውስጥ ማስነሳት። ጥያቄው አዲስ ዊንዶውስ ልጫን ወይስ የእትዬን እንዳለ ላንሳ ነው።

እንዳለ ማንሳትን መረጥኩ። ፒችትሪን ከባዶ መጫን ማለት ምዝገባውን እንደገና ማለፍ ነው፣ ሴጅ ደግሞ ይህን እትም ከተወው ቆይቷል። የደረሰኝ ቅጾቹ፣ የሪፖርት ማስተካከያዎቹ፣ የኮምፒውተሩ ስም፣ ዳታው ያለበት መንገድ ሁሉም እንዳለ ቢመጣ ይሻላል። ፈቃዱም አያስቸግርም። የዊንዶውስ 7 ውል ዊንዶውሱን በማሽኑ ላይ በቀጥታ ከመጠቀም ይልቅ በዚያው ማሽን ላይ በአንድ ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ መጠቀምን ይፈቅዳል። ልብ በሉ፣ "በዚያው ማሽን" ነው፣ ደግሞም "አንድ"።

መሣሪያው ዲስክ ቱ ቪኤችዲ ይባላል። የማይክሮሶፍት የራሱ ነው፣ በነፃ ይገኛል። ዊንዶውሱ እየሠራ እያለ ሃርድ ዲስኩን በሙሉ ወደ አንድ ትልቅ ፋይል ይገለብጣል። እትዬ ምሳ ሲወጡ ፒችትሪን ዘግቼ በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ አስጀመርኩት። ሲመለሱ አላለቀም ነበር። ሻይ አዘዝኩላቸው።

ማታ ፋይሉን ላፕቶፔ ላይ ቨርቹዋል ቦክስ በሚባለው የቨርቹዋል ማሽን ፕሮግራም አስነሳሁት። የዊንዶውስ አርማ ብቅ ከማለቱ ሰማያዊ ስክሪን። ከታች ቁጥሩ በ"7ቢ" ያልቃል።

ይህን ቁጥር ያየ ሰው ተስፋ እንዳይቆርጥ ልዘርዝረው። "7ቢ" ማለት ዊንዶውሱ "የተነሳሁበትን ዲስክ ማግኘት አልቻልኩም" ማለቱ ነው። ዲስኩ ደህና ነው። ችግሩ፣ አሮጌው ማሽን ላይ ዲስኩን ያናግር የነበረው የኢንቴል ድራይቨር ነው፤ ቨርቹዋል ቦክስ የሚያቀርበው የዲስክ መቆጣጠሪያ ሌላ ነው። ዊንዶውስ 7 ለአዲሱ የሚሆን ድራይቨር አለው፣ ግን ስላላስፈለገው ሲነሳ እንዳይጭነው አስተኝቶታል።

መፍትሔው፦ በዊንዶውስ 7 መጫኛ ዲስክ ማስነሳት፣ "ጥገና" የሚለውን መግባት፣ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት መክፈት፣ እዚያ ላይ የዊንዶውስን የቅንብር መዝገብ (ሬጅስትሪ) የሚከፍተውን ሬጅስትሪ ኤዲተር መጥራት። ቀጥሎ ከተቀዳው ዲስክ ላይ "ሲስተም" የሚባለውን የሬጅስትሪ ፋይል መጫን። አገልግሎቶች ከሚለው ሥር "ኤምኤስ ኤኤችሲአይ" የሚባል አለ። በውስጡ "ስታርት" የሚል ዋጋ አለ፣ 3 ይላል። 0 አድርጉት። 0 ማለት "ከሁሉ በፊት ጫነው" ነው። የጫናችሁትን የሬጅስትሪ ፋይል መልሳችሁ አራግፉ፣ ዝጉ፣ አስነሱ።

ተነሳ። ግድግዳው ላይ የእትዬ የልጅ ልጅ ፎቶ ጭምር። ፒችትሪን ከፈትኩ። የመደብሩ ስም መጣ። ትራያል ባላንሱን አወጣሁ፣ ከማክሰኞው ወረቀት ጋር መስመር በመስመር አነጻጸርኩ። ገጠመ።

ለሚቀጥለው ሰው ምክር፦ ይህችን 0 ገና ከመቅዳታችሁ በፊት እዚያው አሮጌው ማሽን ላይ አስገቡ። ሰማያዊውን ስክሪን ጭራሽ አታዩትም። በመጨረሻው ቅጂ ላይ እኔም እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት። ዋናው ማሽን

መደብሩ ቅዳሜ ከሰዓት ይዘጋል። የላፕቶፔን ቅጂ አጠፋሁ። አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ከእትዬ ማሽን ነቅዬ በወረቀት ጠቅልዬ የባለቤቱ ካዝና ውስጥ አስገባሁ። ምንም አልተሰረዘበትም። ነገሩ ካልሆነ ሰኞ ጠዋት መልሶ መሰካት ነው። በቦታው አዲስ ኤስኤስዲ ገባ፣ በላዩ ላይ ሊኑክስ ሚንት።

ማሽኑ ዴስክቶፕ ነው፣ 8 ጊጋ ራም አለው። አሮጌው ዊንዶውስ 32 ቢት ስለነበር ከ8ቱ 4 እንኳ ሞልቶ አያይም ነበር። የተቀረው ለዓመታት ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። አሁን ሊኑክሱ ሁሉንም ያያል። ለዊንዶውሱ 2 ጊጋ ሰጠሁት፣ በዛበት እንጂ አላነሰውም።

ሁለት ነገር ያቆማችኋል። አንደኛው ባዮስ ነው፣ ማሽኑ ሲነሳ የሚገባበት የቅንብር ገጽ። የቨርቹዋል ድጋፍ በብዙ የቢሮ ማሽኖች ላይ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። እዚህ ማሽን ላይ ከ"ሴኩሪቲ" ሥር ተደብቆ አገኘሁት። ቨርቹዋል ቦክስ ከእትም 6.1 ወዲህ ያለዚህ ጭራሽ አይሠራም። ሁለተኛው ሴኩር ቡት ነው፣ ማሽኑ ሲነሳ ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይጫን የሚከለክለው። ክፍት ከሆነ የቨርቹዋል ቦክስ ሞጁል ሳይፈረምበት አይጫንም። መጫኛው የይለፍ ቃል ፍጠር ይላችኋል፣ ከዚያ ማሽኑ ሲነሳ አንድ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። እዚያ ላይ ቁልፉን መዝግብ ብላችሁ ያንኑ የይለፍ ቃል ማስገባት አለባችሁ። ገጹ ጥቂት ጠብቆ ያልፋል። ካመለጣችሁ እንደገና ነው።

የቨርቹዋል ቦክስን ተጨማሪ ጥቅል፣ ኤክስቴንሽን ፓኩን፣ አልጫንኩም። ለግል ነፃ ነው፣ ለንግድ ግን ፈቃድ ይገዛለታል። ድሮ ለዩኤስቢ 2 እና 3 የግድ ነበር። ከእትም 7 ወዲህ እነሱ ከዋናው ጥቅል ጋር ስለሚመጡ አያስፈልግም።

ዊንዶውሱ አዲስ ዕቃ ውስጥ እንደገባ ስለገመተ እንደገና አረጋግጡኝ አለ። በማሽኑ ጎን ላይ የተለጠፈውን ቁልፍ አስገባሁ። አለፈ።

ኔትወርኩን "ከአስተናጋጁ ጋር ብቻ" በሚለው አስቀመጥኩት። ኢንተርኔት አያይም። ዊንዶውስ 7 ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ድጋፉ አብቅቶ በሩ ክፍት የሆነ ቤት ነው። ኢንተርኔት፣ ኢሜይል፣ ፍላሽ፣ ሁሉም በሊኑክሱ በኩል ይሁን። እዚያ ውስጥ ሂሳብ ብቻ።

ሰኞ። ዳታው የት ይቀመጥ?

ባለቤቱ ጋሼ ጥሩ ጥያቄ ጠየቁ። "ለምን ዳታው ሊኑክሱ ላይ አይቀመጥም? ዊንዶውሱ ቢበላሽ ዳታው ይተርፋል።" ቨርቹዋል ቦክስ የጋራ ፎልደር አለው፣ ሁለቱም የሚያዩት። ሐሳቡ ያምራል።

ግን አይሆንም። የጋራው ፎልደር ለዊንዶውሱ የኔትወርክ ድራይቭ መስሎ ነው የሚታየው። ፐርቫሲቭ ደግሞ ዳታው በተቀመጠበት ማሽን ላይ ራሱ መኖር ይፈልጋል። ፋይሎቹን የሚቆልፈውና የሚከፍተው እሱ ብቻ መሆን አለበት፤ ካለዚያ ሁለት እጅ አንድ መዝገብ ላይ ይገባል። ሞክሬ ለጋሼ አሳየኋቸው። ፒችትሪ የኩባንያውን ፎልደር አልከፍትም አለ። በጉልበት የሚያስከፍቱ ዘዴዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ፣ አልፈልጋቸውም።

ስለዚህ ዳታው እዚያው ዊንዶውሱ ውስጥ ይቆያል። ወደ ጋራው ፎልደር የሚወጣው ፒቲቢ ባካፑ ነው። እትዬ ማታ ሲወጡ አንድ ባካፕ ያደርጋሉ። ሊኑክሱ እሱን በራሱ ወደ ውጭ ዲስክ ይገለብጣል።

ስናፕሾት የሚባለውን፣ የቨርቹዋል ማሽኑን የአንድ ቅጽበት ቅጂ፣ ደግሞ ባካፕ ነው ብላችሁ እንዳትተማመኑበት። ስናፕሾት ዊንዶውሱን ወደ ነበረበት ይመልሰዋል፣ ከዚያ ወዲህ የገባውን ሂሳብም አብሮ ይሰርዘዋል። ማክሰኞ የተነሳ ስናፕሾት ዓርብ ቢመለስ የረቡዕና የሐሙስ ሽያጭ የለም። ቁልፉን ለእትዬ አላሳየኋቸውም።

ማክሰኞ። ማተሚያው

የክፍያ ማዘዣና የዕቃ ማውጫ የሚታተመው በኤፕሰን ዶት ማትሪክስ ነው፣ ያቺ ቅርርር የምትለው። ወረቀቱ ባለ ሦስት ኮፒ ስለሆነ ሌዘር ማተሚያ አይሆንለትም፤ የሚመታ መርፌ ያስፈልገዋል። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑ ለብቻው የሚሠራ ስለሆነ አልነካሁትም። እሱ የራሱ ሕግ አለው።

ማተሚያው ከማሽኑ ጋር በአሮጌው ሰፊ ገመድ ነበር የተያያዘው። ያንን ወደ ቨርቹዋል ማሽን ማስገባት ይቻላል ይባላል፣ ግን ከጀርባው ዩኤስቢ ቀዳዳ እያለው ምን አታገለኝ። በዩኤስቢ አያያዝኩት። ቨርቹዋል ቦክስ ላይ የመሣሪያዎቹ ዝርዝር ባዶ ሆነ። ይህ የታወቀ ነው። ተጠቃሚው "ቪቦክስ ዩዘርስ" በሚለው ቡድን ውስጥ መግባት አለበት፣ ከዚያም ወጥቶ እንደገና መግባት። ያኔ ማተሚያው ታየ። ማጣሪያ ፈጠርኩለት፣ ዊንዶውሱ ሲነሳ በራሱ እንዲይዘው።

የመጀመሪያው ወረቀት ወጣ። ስሙ ከሳጥኑ ሁለት መስመር ወርዶ፣ ድምሩ ከመስመሩ ውጪ። አዲሱ ወደብ ላይ ዊንዶውሱ ማተሚያውን እንደ አዲስ መዝግቦ የወረቀቱን መጠን ወደ ኤ4 መልሶታል። ባለ ቀዳዳው ወረቀት 11 ኢንች ነው፣ ኤ4 ከዚያ ይረዝማል። መጠኑን አስተካከልኩ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቅጽ በቦታው ቁጭ አለ። እትዬ ወረቀቱን ብርሃን ላይ አንስተው ከአሮጌው ጋር ደራርበው አዩት። "ይሁን" አሉ። ከሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ረቡዕ። ቀንና ፊደል

የመደብሩ የሂሳብ ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል። በፈረንጅ ጁላይ 8 ነው፣ በየዓመቱ። ፒችትሪ ላይ ወራቱን ከፈረንጅ ወር ጋር ሳያጣጥሙ በራስ መክፈል ይቻላል፣ እስከ 13 ክፍለ ጊዜም ይቀበላል። ለኛ የተሠራ ይመስላል አይደል? እትዬ ግን 12 ነው የሚጠቀሙት፤ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ያዋህዱታል። መስከረም 1 በፈረንጁ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ስለሚውል በአራት ዓመት አንዴ ድንበሮቹ በአንድ ቀን ይንሸራተታሉ። ያንን እሳቸው በቃላቸው ያውቁታል።

ለኔ የሚያሳስበኝ ቀኑ የሚጻፍበት ቅደም ተከተል ነበር። ፒችትሪ ቀን ከዊንዶውሱ ቅንብር ነው የሚወስደው። ዊንዶውሱ እንዳለ ስለመጣ ወር ቀድሞ ቀን ይከተላል፣ እንደ ድሮው። ሊኑክሱ ግን ቀን አስቀድሞ ያሳይ ነበር። 7/8 አንዱ ላይ ሐምሌ 1 ነው፣ ሌላው ላይ ነሐሴ 1። ሊኑክሱንም ወደ እሳቸው ልማድ መለስኩት።

ፊደል ላይ ብዙ አልቆይም። ፒችትሪ 2010 ዩኒኮድ አያውቅም። አማርኛ ብትለጥፉበት ጥያቄ ምልክት ይደረድራል። የደንበኛ ስም ድሮም በእንግሊዝኛ ነው የሚገባው። ደብዳቤ በሊኑክሱ በኩል ይጻፋል፤ አይባስ በሚባለው የሊኑክስ መጻፊያ ላይ "ሴራ" የሚለውን የአማርኛ አጻጻፍ መርጬላቸዋለሁ፣ እንደለመዱት በድምፅ ይጽፋሉ። ያስቸገረው በድሮ የግእዝ ፊደል ሶፍትዌር የተጻፉ ደብዳቤዎች ናቸው። ግእዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዘዴ በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ ማስቀመጥ ነበር፣ ብዙ ቢሮ ደግሞ ከዚያ በኋላም በዚያው ቀጠለ። ፎንቱ ከሌለ ደብዳቤው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ትርምስ ሆኖ ይከፈታል። እነሱን ዊንዶውሱ ውስጥ እንዳሉ ተውኳቸው። የሚፈልግ እዚያ ገብቶ ያንብብ።

ዓርብ። መብራት ሄደ

መብራት ሄደ፣ ዩፒኤሱ ጮኸ። ይህችን ስጠብቅ ነበር።

ፐርቫሲቭ የሚጠላው ነገር መሐል ላይ መቋረጥ ነው። ጆርናል ሄደሩ ተጽፎ ጆርናል ሮው ሳይጻፍ ማሽኑ ከጠፋ ዳታው ይጣመማል። በአሮጌው አሠራር እትዬ ዩፒኤሱ ሲጮህ ፒችትሪን ለመዝጋት ይሮጡ ነበር። አሁን ዩፒኤሱ በገመድ ከሊኑክሱ ጋር ይነጋገራል። ባትሪው ሲያንስ አንዲት አጭር ስክሪፕት ቨርቹዋል ማሽኑን "ሁኔታህን አስቀምጥ" ትለዋለች። ዊንዶውሱ አይጠፋም፣ እንዳለ ይቆማል። ከዚያ ሊኑክሱ ራሱን ይዘጋል። መብራት ሲመጣ ያላለቀው የክፍያ ማዘዣ ከነጠቋሚው ቦታ ተከፍቶ ይመጣል።

ዛሬ እንደዚያ ሆነ። እትዬ አላመኑም፤ ለማንኛውም የፒችትሪን የዳታ ማረጋገጫ አስኬድን፣ ንጹሕ ነው አለ።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ። ከቆመበት ሲነሳ የዊንዶውሱ ሰዓት ለአፍታ በቆመበት ነው ያለው። ጌስት አዲሽንስ የሚባለው የቨርቹዋል ቦክስ ሶፍትዌር ወዲያው ያስተካክለዋል፣ ስለዚህ እሱን ዊንዶውሱ ውስጥ ሳትጭኑ አትለፉ። ያው ሶፍትዌር የዊንዶውስ መስኮቶችን ከሊኑክሱ መስኮቶች ጋር አዋህዶ የሚያሳይ አሠራርም አለው። ያምራል፣ ለፎቶ ይሆናል። እትዬ ግን ሁለት የጀምር ቁልፍ አንድ ስክሪን ላይ ሲያዩ "የቱን ልጫን?" አሉ። በሙሉ ስክሪን አደረግኩት።

ሐምሌ መግቢያ

ሰኔ ተዘጋ። ትራያል ባላንሱ፣ የደንበኞች ዕዳ፣ የዕቃ ቆጠራው ተናበበ። አዲሱ ዓመት ተከፈተ። የካዝናው ሃርድ ዲስክ አልተፈለገም፣ ግን የኦዲት ሥራ እስኪያልቅ እዚያው ይተኛል።

የቀረችው አንዲት ጥያቄ የጋሼ ናት። እሳቸው ከራሳቸው ማሽን ሆነው ሂሳቡን ማየት ይፈልጋሉ። ይቻላል፣ ግን ለዚያ የፐርቫሲቭን ወደቦች፣ 3351 እና 1583ን፣ ለቢሮው ኔትወርክ መክፈት ነው፤ በዚያ ላይ የእሳቸውም ማሽን ሊኑክስ ስለሆነ ሁለተኛ ዊንዶውስ፣ ሁለተኛ ፈቃድ። አሮጌ ዊንዶውስ ኔትወርክ ላይ አላወጣም አልኳቸው። ፒችትሪ ሪፖርት በፒዲኤፍ ያወጣል። እትዬ ከምሳ በፊት አንድ፣ ሲወጡ አንድ፣ ወደ ጋራው ፎልደር ይጥሉላቸዋል። ከዚያ በቢሮው ኔትወርክ ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል። ቢዘገይ ግማሽ ቀን ነው። እስካሁን ያቀረቡት ቅሬታ ፊደሉ አነሰኝ የሚል ብቻ ነው።